የሚጣል ዳይፐር ወይስ የሚታጠብ ጨርቅ?

አራስ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 12 ጊዜ ሊቀየርለት ይችላል። ስለዚህ ምርጫው ቀላል ነገር አይደለም።

የሚጣለው እናትን ያሳርፋል። ውስጡ ያለው ፖሊመር (ፈሳሽ የሚመጥ ዱቄት መሰል ነገር) ሽንቱን ወደ ጄል ቀይሮ ይይዘዋል። ቆዳው ብዙም አይረጥብም፣ ሌሊት ትንሽ እንቅልፍ ይገኛል። ግን ወጪው አያልቅም፤ ቆሻሻውም ቶሎ አይበሰብስም።

ጨርቁ አንዴ ይገዛል፤ ለታናሽም ይተርፋል። ድካሙ እጥበቱ ላይ ነው። በ60 ዲግሪ ውሃ ይታጠብ፣ ሳሙናው እስኪለቅ ይለቅለቅ፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣ። የልብስ ማለስለሻ ግን አይጨመርበት፤ የመምጠጥ አቅሙን ይቀንሰዋል። ቶሎ ቶሎ ካልተቀየረም የልጁ መቀመጫ ይቆጣል።

እኔ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚጣለውን እመርጣለሁ፤ እናት ገና አላገገመችም። ከዚያ ቀን ቀን ጨርቅ፣ ሌሊት ዳይፐር። የትኛውም ቢሆን፣ እትብቱ እስኪወድቅ ከእሱ በታች ይታሰር።