ለታመመ ድመት የሐኪም ምግብ ወይስ የሱፐርማርኬት? ከቱሉ ዲምቱ የተጻፈ ግምገማ

ባለፉት አሥራ አራት ወራት በቤቴ ለሁለት የታመሙ ድመቶች አራት ዓይነት ምግብ ተገዝቶ ተሞክሯል። ሁለቱ በእንስሳት ሐኪም ትእዛዝ የሚሰጡ ሲሆኑ፣ ሁለቱ ደግሞ ማንም ሰው ከሱፐርማርኬት መደርደሪያ አንሥቶ የሚገዛቸው ናቸው። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ የአዳማው የፍጥነት መንገድ ከሚጀምርበት ብዙም ሳይርቅ ስለሆነ፣ የድመት ምግብ ፍለጋ ለእኔ እስከ ቦሌ የሚያደርስ የግማሽ ቀን ጉዞ ነው፤ ስለዚህም የትኛው ምግብ ዋጋውንና ድካሙን እንደሚያካክስ በደብተር እስከ መመዝገብ ደርሻለሁ። የንግድ ስሞቹን የማልጠቅሰው ልዩነቱ በከረጢቱ ላይ ባለው ስም ሳይሆን በውስጡ ባለው ነገር ስለሆነ ነው።

በቅድሚያ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር ላንሣ። የሐኪም ምግብ ሲባል መድኃኒት የተቀላቀለበት የሚመስላቸው አሉ፤ በውስጡ ግን መድኃኒት የለም። የተለወጠው የፎስፈረሱ፣ የማግኒዥየሙ፣ የፕሮቲኑ ወይም የጨው መጠኑ ነው፤ ለአንድ የተለየ በሽታ ተብሎ ተለክቶ ስለተለወጠም ለሌላ በሽታ ሊጎዳ ይችላል፤ የሐኪም ትእዛዝ የሚያስፈልገውም በዚህ ምክንያት ነው። የነገሩ መነሻም ውሻ እንጂ ድመት አይደለም፤ ማርክ ሞሪስ የተባሉ አሜሪካዊ የእንስሳት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1939 ኩላሊቱን ለታመመ የዓይነ ስውር መሪ ውሻ ልዩ ምግብ አዘጋጁ፤ ከ1948 ጀምሮም በካንዛስ ግዛት በቶፒካ ከተማ የሚገኘው የሂል ኩባንያ ያንን ምግብ በጣሳ እያሸገ መሸጥ ጀመረ። ዛሬ ለድመት የሚታዘዘው የኩላሊት ምግብም በዚያው ሐሳብ ላይ የተመሠረተ ነው።

ነብሮ የምንለው ወንዱ ድመት የተኮላሸ ሲሆን አምስት ዓመቱ ነው። አንድ ሌሊት ወደ አሸዋ ሣጥኑ ሲገባ ሲወጣ፣ ቁጭ ብሎ ሲያምጥ፣ ደም ከቀላቀለ ሁለት ጠብታ ሽንት በቀር ምንም ሳይወጣው አደረ። እኔ የሆድ ድርቀት መስሎኝ ነበር። የወንድ ድመት የሽንት ቧንቧ ጠባብ በመሆኑ ሙሉ በሙሉ ሲዘጋ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ሊገድል ይችላል፤ በዚያ ሰዓት የሚያስፈልገው ሐኪም ነው እንጂ ስለ ምግብ የሚጨነቁበት ጊዜ አይደለም። ሲነጋ ይዤው ወደ ቢሾፍቱ ሄድኩ፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የሚገኝባት ከተማ ከመሆኗም በላይ፣ በፍጥነት መንገዱ ከተጓዙ ለእኛ ሰፈር ሰው በሰዓት ስትለካ ከፒያሳ ትቀርባለች። ሐኪሙ በማደንዘዣ አስተኝተው በቀጭን ቱቦ ቧንቧውን ከከፈቱ በኋላ ሽንቱን በማይክሮስኮፕ ተመለከቱ፤ ስትሩቫይት የሚባለው ከማግኒዥየም፣ ከአሞኒየምና ከፎስፌት የሚሠራ ክሪስታል ሞልቶት አገኙት።

የሽንት ምግብ ዋጋውን የሚያወጣው በትክክል እዚህ ላይ ነው። ማግኒዥየሙና ፎስፈረሱ ዝቅ ያለ ነው፤ ሽንቱን በመጠኑ አሲዳማ ያደርገዋል፤ ብዙዎቹ ደግሞ ድመቱ ውሃ እንዲጠጣ ጨው ይጨመርባቸዋል። በዚህም ምክንያት ክሪስታሉ ተጠራቅሞ የሚሠራው የስትሩቫይት ጠጠር ያለ ቀዶ ሕክምና በሳምንታት ውስጥ ሊሟሟ ይችላል። ጠጠሩ የካልሲየም ኦክሳሌት ቢሆን ኖሮ ግን የትኛውም ምግብ አያሟሟውም፤ ስለዚህ ሽንቱ ሳይመረመር በምልክት ብቻ ይህንን ምግብ መግዛት ገንዘብን ሜዳ ላይ መበተን ነው። ነብሮ ለአምስት ሳምንታት ከዚህ ምግብ በቀር ምንም አልቀመሰም፤ ሐኪሙ “ቁራሽ ሥጋ እንኳ ቢሆን አትስጪው” ብለው አጥብቀው ስለነገሩኝ የቤቱ ሰው ሁሉ ተጠንቅቋል። በአምስተኛው ሳምንት የተመረመረው ሽንት ንጹሕ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ግን ይህን ያህል ግልጽ አይደለም። ምግቡ ከገበያ በጠፋ ጊዜ “ለሽንት ጤና” የሚል ጽሑፍ ያለበትን የሱፐርማርኬት ደረቅ ምግብ ገዛሁ። ዋጋው የሐኪሙን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ጽሑፉ ማግኒዥየሙ ዝቅ ያለ መሆኑን ይናገራል እንጂ የተፈጠረ ጠጠር ያሟሟል አይልም፤ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነትም ትንሽ አይደለም። ሐኪሙን በስልክ አማክሬ፣ የእርጥብ ምግብ ድርሻውን አብዝቼ፣ ደረቁንም ለብ ባለ ውሃ እያራስኩ ሰጠሁት፤ ደረቅ ምግብ ውስጥ ያለው ውሃ አሥር በመቶ ገደማ ሲሆን በእርጥቡ ውስጥ ያለው ግን ከሰባ አምስት በመቶ በላይ ነው፤ የድመት ሽንት የሚቀጥነውም ከምንም በላይ በውሃ ነው። በየሦስት ወሩ የተደረጉት ሁለት ምርመራዎች ክሪስታል አላሳዩም። ስለዚህ የነብሮን በሽታ በተመለከተ ፍርዴ ይህ ነው፦ ለማሟሟት የሐኪሙ ምግብ ምትክ የለውም፤ ከዳነ በኋላ ግን ውሃው ከበዛና ሽንቱ በየጊዜው ከተመረመረ፣ ሐኪሙ ከፈቀዱ፣ በመደበኛ ምግብ መኖር የሚችል ድመት አለ፤ የእኔው ከእነዚህ አንዱ ሆኖ ተገኝቷል።

ውሪት ሌላ ጉዳይ ናት። ከእናቴ ቤት የመጣች የአሥራ ሦስት ዓመት አሮጊት ስትሆን፣ ውሃ አብዝታ መጠጣት ጀምራ፣ አጥንቷ እስኪቆጠር ከስታ ነበር። የደም ምርመራው ክሪያቲኒኗን፣ ማለትም ኩላሊት ከደም ሊያጣራው የሚገባውን ቆሻሻ፣ 3.4 ሚሊግራም በዴሲሊትር አሳየ፤ የእንስሳት ሐኪሞች በሚጠቀሙበት ዓለም አቀፍ የኩላሊት በሽታ ምደባ ከ2.9 እስከ 5.0 ያለው ከአራቱ ደረጃዎች ሦስተኛው ነው። ለኩላሊት የሚታዘዘው ምግብ ፎስፈረሱ በጣም የቀነሰ፣ ፕሮቲኑ ጥራት ያለው ሆኖ በልኩ የተደረገ፣ የዓሣ ዘይትና ፖታሲየም የተጨመረበት ነው። የተጎዳውን ኩላሊት አይመልስም፤ የጉዳቱን ፍጥነት ይቀንሳል። ለዚህ በሽታ በደንብ የተመሰከረለት ምግብ በመሆኑ በዋጋው ለመከራከር አልደፍርም።

ችግሩ ውሪት አልበላም ማለቷ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ አሽታ ዞረች። እዚህ ላይ “ሲርባት ትበላለች” የሚለው የአገራችን ፍርድ ለድመት እንደማይሠራ በጥብቅ መናገር እፈልጋለሁ፤ ለጥቂት ቀናት ያልበላች ድመት፣ በተለይ ወፍራም ከሆነች፣ ከሰውነቷ የሚወጣው ስብ ጉበቷ ላይ ተከማችቶ ሊገድላት ይችላል። ስለዚህ ወደ ቀድሞ ምግቧ መልሼ፣ አዲሱን በቀን አንድ የሻይ ማንኪያ እየጨመርኩ፣ ለውጡን ከተለመደው ከሰባት እስከ አሥር ቀን ወደ አንድ ወር ገደማ አራዘምኩት። የእርጥቡን ዓይነት ለብ አድርጎ ማቅረብ ከሁሉም ዘዴ የበለጠ ረድቷል። ዛሬ ከምትበላው ሁለት ሦስተኛው የኩላሊት ምግብ፣ ቀሪው መደበኛ ነው፤ ሐኪሟም የማይበላ ፍጹም ምግብ ከሚበላ መካከለኛ ምግብ እንደማይሻል ተስማምተዋል።

መደበኛውን ክፍል ስመርጥ የተማርኩት አንድ ስሌት አለ። የጣሳ ምግብ ፎስፈረስ 0.25 በመቶ፣ ውሃ 80 በመቶ ብሎ ቢጽፍ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ደረቁ ክፍል 20 በመቶ ብቻ ስለሆነ 0.25 ለ0.20 ሲካፈል 1.25 በመቶ ይመጣል። ፎስፈረሱ 0.5 በመቶ፣ ውሃው 8 በመቶ የሆነ ደረቅ ምግብ ግን 0.5 ለ0.92 ተካፍሎ 0.54 በመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ ጣሳው ላይ ያለው ትንሽ ቁጥር በእጥፍ የሚበልጥ ፎስፈረስ ደብቋል። ብዙ የሱፐርማርኬት ምግቦች ደግሞ ፎስፈረሱን ጨርሶ አይጽፉትም፤ እንዲህ ያለውን ኩላሊቷን ለታመመች ድመት አልገዛም።

ሁለት በሽተኞች በአንድ ቤት ሲኖሩ አንዱ ከሌላው ሳህን እንዳይበላ መጠበቅ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። አሲዳማ የሚያደርገውና ጨው ያለበት የነብሮ ምግብ ለውሪት ኩላሊት አይስማማም፤ የእሷም ለእሱ አልታሰበም። በተለያየ ክፍል፣ በሰዓት፣ ሳህኑን እያነሣሁ አበላለሁ፤ ሆኖም ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳምና አሮጊቷ በሩ በተከፈተ ቁጥር የነብሮን ሳህን ልሳ ትመለሳለች።

ስለ ሻጮቹም መናገር አለብኝ። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ሱቅ የኩላሊት ምግብ ከትልቅ ከረጢት እየቀዳ በኪሎ፣ በላስቲክ ቋጥሮ ሸጦልኛል። ዋጋው ደስ ስላሰኘኝ ገዛሁ። ቤት ደርሼ ስከፍተው የቆየ ዘይት ሸተተኝ፤ ውሪትም አልነካችውም። ከረጢቱ መቼ እንደተከፈተ፣ መቼ እንደሚያልፍበት፣ በእርግጥም ያ ምግብ መሆኑን እንኳ የምናውቅበት መንገድ አልነበረም። የተከፈተ ደረቅ ምግብ አፉ ተዘግቶ በራሱ ከረጢት ውስጥ ተቀምጦ በስድስት ሳምንት ገደማ ማለቅ አለበት፤ ስለዚህ ለታመመ ድመት በኪሎ የሚቀዳ ምግብ በምንም ዋጋ አልመክርም። ሌላው ሱቅ በተቃራኒው የሐኪሙን ወረቀት ሳያይ አልሸጥም ብሎ አበሳጨኝ፤ ቆይቼ ሳስበው ግን የሚታመነው እሱ ሆኖ አገኘሁት፤ አሁን ዕቃ ሲገባለት በስልክ ይነግረኛል።

ዋጋው ራሱ ቋሚ አይደለም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ከውጭ የሚገባ ከረጢት ላይ ያለው ዋጋ ባለፈው ወር ካየሁት ጋር አይገጥምም። ስለዚህ በብር ሳይሆን በቀን ማስላት ይሻላል፦ አራት ኪሎ የምትመዝን ድመት በቀን 60 ግራም ያህል ደረቅ ምግብ ከበላች አንድ ኪሎ ተኩል ከረጢት ለ25 ቀን ይበቃል፤ የከረጢቱን ዋጋ ለ25 ማካፈል ነው። የእኔ ሐኪም ምግብ በዚህ ስሌት ከመደበኛው ሁለት እጥፍ ተኩል ይወጣል። ቧንቧውን ለማስከፈት ከከፈልኩት ጋር ሳስተያየው ግን የነብሮ አምስት ሳምንት ርካሽ ነበር።

በቤት ውስጥ የሚሠራ ምግብ አይሻልም ወይ ብለው የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። ከእኛ በታች ያሉት እናት “ልጄ፣ ለድመት ደግሞ ፈረንጅ ምግብ! ሽሮ አርሰሽ ስጫት” ይሉኛል፤ ፍቅራቸውን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ፤ ሽንኩርት የሌለበት ሽሮ ደግሞ ሽሮ አይደለም። ድመት ያለ ሥጋ መኖር አትችልም፤ ታውሪን የሚባለው ንጥረ ነገር ሲጎድላት ልቧና የዓይኗ ብርሃን ይጎዳሉ፤ የልቡ ጉዳት ምክንያት ይኸው መሆኑ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ከልኳንዳ የሚገዛው ሳንባም ሆድ ይሞላል እንጂ የተሟላ ምግብ አይደለም። በዐቢይ ጾም ሃምሳ አምስት ቀን ውስጥ ደግሞ በየሰፈሩ ብዙው ልኳንዳ ይዘጋል፤ እኔም የከረጢት ምግብን ጥቅም ከሁሉም በላይ የማየው ያኔ ነው።

ለሌሎች ሕመሞች በአጭሩ፦ ለወፈረ ድመት መደበኛውን ምግብ በሚዛን ለክቶ መቀነስ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ለምግብ አለርጂ የሚሰጠውና ፕሮቲኑ ወደ ጥቃቅን ክፍልፋዮች የተሰባበረው ምግብ ግን ለስምንት ሳምንት ያህል ያለ ምንም ጣልቃ ካልተሰጠ ትርጉም የለውም። የስኳር ሕመም ላለበት ደግሞ ካርቦሃይድሬቱ ዝቅ ያለ እርጥብ መደበኛ ምግብም ሊጠቅም ይችላል፤ ሆኖም ምግቡ ሲለወጥ የኢንሱሊኑ መጠን ካልተስተካከለ ስኳሩ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ስለሚችል፣ ለሐኪም ሳይነገር መለወጥ የለበትም።

ለነብሮ የሽንት ምግብ ከአምስት ኮከብ አምስት፣ ለሱፐርማርኬቱ “የሽንት ጤና” ምግብ ሦስት እሰጣለሁ። ለውሪት የኩላሊት ምግብ አራት ነው፤ አንዱን የወሰደችው ራሷ ውሪት ናት። ያለኝ ከረጢት ለአሥራ ስምንት ቀን ይበቃታል፤ ስልኩ እስኪጠራ እየጠበቅሁ ነው።