ልጄን ከሒሳብ ጋር ላስታረቀችልኝ አስጠኚ

ሰሚት፣ ፊጋ፣ ጎሮ አካባቢ ያላችሁ ወላጆች፣ ሒሳብ የሚፈራ ልጅ ካላችሁ ይቺን ሳታነቡ እንዳታልፉ።

ልጄ ሦስተኛ ክፍል ነው። ያላስገባነው ማስጠኛ፣ ያላስመጣነው አስጠኚ የለም። አንዱ ቦታ የማባዣ ሰንጠረዥ ሲያስገለብጡት ይውላሉ፤ ደብተሩ ሞልቶ ሰባት ሲደመር አምስት ሲባል ግን ኮርኒስ ያያል። ሌላው ቤት ድረስ እየመጣ ስልኩን ሲነካካ ሰዓቱን ይጨርሳል፤ ወር ሲሞላ ግን ለክፍያው አንድ ቀን አይታገስም። እሱስ ይሁን። ያቃጠለኝ ልጁ እየሰማ «ይሄ ልጅ ሒሳብ አይገባውም፣ ገንዘባችሁን አትጨርሱ» ያለን ነው። ስም አልጠራም፣ ፈጣሪ ይይለት። ከዚያ ወዲህ ሒሳብ ሲነሳ ልጄን ሆዱን ያመው ጀመር።

ይቺ እህታችን መጥታ ደብተር አላስወጣችም። ከቦርሳዋ ካርታ አወጣች። አዎ፣ የመጫወቻ ካርታ! እናቴ አማተበች፤ «ደግሞ ቁማር ልታስተምርልን!» ልጅቷ ሳቀች እንጂ አልተቀየመችም። ባለሥዕሎቹን ለየት አድርጋ ከአንድ እስከ አስር ያሉትን አርባ ካርታዎች አስቀረች። ሁለት ሁለት ይገለብጣሉ፣ ይደምራሉ፣ ድምሩ የበለጠለት አራቱንም ይወስዳል። በቃ።

ልጄ እጁን ጠረጴዛ ሥር ደብቆ በጣቱ ይቆጥራል፤ ሌላ ቦታ ተቆጥተውት ስለነበር። አየችው፣ ምንም አላለችውም። የራሷን እጆች ጠረጴዛው ላይ አውጥታ «ስምንት… ዘጠኝ፣ አስር፣ አስራ አንድ» እያለች በጣቷ ቆጠረች። ትክ ብሎ አያትና ቀስ ብሎ የእሱም እጆች ወጡ። እኔ ኩሽና ገብቼ አለቀስኩ።

የዘዴውን ስም ነግራኝ ነበር፣ አልያዝኩትም። የማውቀው፣ አሁን ሁለት ካርታ አጋጥሞ አስር መሙላት ሲጫወቱ ሦስት ከወጣበት ዓይኑ ሰባትን ፍለጋ እንደሚሮጥ ነው። ሆዱንም አያመውም።

እናቴማ ዋና ተጫዋች ሆናለች። የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳትረግጥ ጉልት ሽንኩርት ሸጣ ነው ያሳደገችን፤ ሩብ ኪሎ፣ ግማሽ ኪሎ፣ መልሱን ጭምር በቃሏ ታሰላ ነበር። ልጄን ታሸንፈዋለች፣ ያኮርፋል፣ ተመልሶ «እማማ፣ አንዴ ብቻ!» ይላል። አስጠኚዋ አይታት «እማማ፣ እርስዎ እኮ የሒሳብ ሰው ነዎት» አለቻት። በዕድሜዋ እንዲህ ያላት ሰው አልነበረም። ቀኑን ሙሉ ፈገግ እንዳለች ዋለች።

እህቴ፣ ክብረት ይስጥልኝ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ! ወላጆች፣ እባካችሁ ለልጆቻችሁ ጥሯት፤ ክፍያዋም አያስደነግጥም። ስልኳን የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ፣ እሷን አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። የቅዳሜ ጠዋት ግን የኛ ነው፤ እሱን የሚጠይቀኝ ሰው ከእናቴ ጋር ይነጋገር።