ሳሎን መሃል የቆመውን ኮለን ዋንዛ አለበስነው

ደብረ ማርቆስ ውስጥ «ወደፊት ፎቅ ይወጣበታል» ተብሎ የሚሠራ ቤት ብዙ ነው። የኛም እንደዚያው። ፎቁ ገና ሐሳብ ነው፤ ኮለኑ (የኮንክሪት ምሰሶው) ግን ሳሎን መሃል ተገትሯል። ሌላው ደግሞ ከግድግዳው አፈንግጦ ከቡፌው ጋር ይጋፋል። ቀለም ቢቀቡትም ወር አይቆይም። እንግዳው ይደገፍበታል፣ ልጆቹ ኳስ ያነጥሩበታል። በመጨረሻ እንጨት እናልብሰው አልንና እዚሁ ከተማ ላለ የእንጨት ሥራ ቤት ሰጠነው። የማማርርበትም ነገር ስላለ ስማቸውን ልለፈው።

ከወደድኩት ልጀምር። ዋናው አናጢ እንደገባ ከኪሱ ያወጣው ሜትር ሳይሆን ቱንቢ፣ ማለትም ቀጥታ መለኪያ ክብደት ያለው ገመድ ነው። «እትዬ፣ ኮለን ቀጥ ያለ ይመስላል እንጂ አይታመንም» አለኝ። እውነትም ላይኛው ጫፉ ወደ መስኮቱ ጋደል ብሎ ተገኘ። ስለዚህ ጣውላውን በቀጥታ ልስኑ ላይ በኮላ አልለጠፈም። ኮለኑን በድሪል በስቶ፣ ፊሸር (ብሎን የሚይዝ የፕላስቲክ ማስገቢያ) ከትቶ፣ ጣውላው የሚያርፍበትን ሞራሌ በብሎን አሰረ። በጎደለው በኩል ስስ እንጨት እየሸጎጠ በውሃ ልክ አስተካከለ። ጣውላው የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ለዚህ ትዕግሥቱ ሙሉ ነጥብ ሰጥቼዋለሁ።

ግን ኮለኑ እንደሚወፍር ይወቁት። ሞራሌው 2.5 ሴንቲ፣ ጣውላው 2 ሴንቲ ነው። በሁለቱም ጎን ሲደመር 30 ሴንቲ የነበረው 39 ሆነ። ሳሎኑ ጠባብ ለሆነ ሰው ይሄ ቀላል አይደለም።

ለመሃለኛው ኮለን ዋንዛ፣ ለግድግዳው ኮለን ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ ተጨምቆ የሚሠራ ሰሌዳ) አዘዝን። ዋንዛው ዋጋው ይወደዳል፤ ግን የሚነካው፣ የሚገጨው እሱ ስለሆነ ያዋጣል። ቢጫጫር ተልጎ እንደገና ቫርኒሽ ይቀባል። ኤምዲኤፉ ግን ጠርዙ ከተላጠ አለቀለት። ደግሞ የኤምዲኤፍ ቁመት 2 ሜትር ከ44 ነው፣ የኛ ኮርኒስ 2.80። መቀጠል የግድ ሆነ። መጋጠሚያውን በስስ ክፈፍ ሸፈኑት፤ አሁን ሆን ተብሎ የተሠራ ጌጥ ነው የሚመስለው።

ወለል የሚወለወልበት ቤት ውስጥ ኤምዲኤፍን መሬት አስነክቶ መትከል ገንዘብ መጣል ነው። ውሃ ከጠጣ ያብጣል፣ አብጦም አይመለስም። እነሱ ሥሩን በሴራሚክ ዞኮሎ (የግድግዳ ግርጌ ክፈፍ) ዙሪያውን ከበቡትና እንጨቱን ከዚያ በላይ አስጀመሩት። ጎበዞች ናቸው።

አሁን ወደ ምሬቴ። ኮለኑ ላይ ሶኬት ነበረ። ጣውላው ከመጣ በኋላ ሶኬቱ ጉድጓድ ውስጥ ቀረ፤ መሰኪያ አልገባ አለ። ወደፊት እንዲወጣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ በራሴ ወጪ ጠራሁ። ሲለኩ ያዩትን ሶኬት ቀድመው ቢነግሩኝ ምን ነበረበት? ቀጠሮም አያከብሩም። «መብራት ጠፋ» የምትለው ምክንያት አንዳንዴ እውነት ናት፤ ሁልጊዜ ግን አይደለችም። ግማሹን ቀብድ ስለወሰዱ ደግሞ አፌን ይዤ መጠበቅ ነው።

ሌላው፣ ሥራው ያለቀው ክረምት ላይ ነው። የማርቆስን ዝናብ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ እንጨቱም እርጥበቱን ይዞ ነው የገባው። በጋው ሲገባ ዋንዛው ደርቆ ተኮማተረና አንዱ ማዕዘን ላይ ጥፍር የምታስገባ ስንጥቅ ተከፈተች። ደጋግሜ ደውዬ መጥተው በእንጨት ብናኝና በኮላ ደፈኗት። በደንብ ካላዩ አትታወቅም፤ እኔ ግን አያታለሁ። ብችል ኖሮ ከጥቅምት በኋላ አሠራው ነበር፤ ጣውላውም በመሃሉ እንጨት እየተደረገበት ተደርድሮ የደረቀ መሆኑን ሄጄ አይ ነበር።

ከአምስት አራት እሰጣቸዋለሁ። አንዷን የቀነስኩት በሶኬቱና በቀጠሮው ነው። ዋጋ የሚናገሩት በካሬ ነው፤ አራቱንም ጎን ይቆጥራሉ። ስትስማሙ ዞኮሎው ሒሳቡ ውስጥ መኖሩን ጠይቁ፤ እኛን ለብቻው አስከፍለውናል።