የተጻፈው 20፣ የተመዘነው 17፦ የቤት ዳምቤሌ ከስምንት ወር በኋላ

ባለፈው ወር የእህቴ ልጅ ጂም ይዛኝ ሄደች። እዚሁ ደብረ ማርቆስ ነው፣ ከቤቴ በባጃጅ አሥር ደቂቃ። እሷ ተመዝግባ ትሠራበታለች። እኔ ግን ጂም ገብቼ አላውቅም ነበር። ስፖርት የምሠራው ቤቴ ነው፤ ጥቅምት ላይ ከባሕር ዳር ገዝቼ ባመጣሁት ዳምቤል፣ ማለትም በአንድ እጅ በሚነሳ ክብደት።

«አክስቴ፣ አንቺ ስንት ኪሎ ነው የምታነሽው?» አለችኝ።

«ሰባት ተኩል» አልኳት። ደስ ብሎኝ ነው ያልኳት፤ በሦስት ኪሎ ጀምሬ እዚያ የደረስኩ ሰው ነኝ።

ከመደርደሪያው ላይ 7.5 የተጻፈበትን ጥንድ ብረት አወረደችልኝ። ቤቴ ከትከሻ ወደ ላይ የምገፋው 12 ጊዜ ነው። እዚያ ስድስተኛው ላይ ግራ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሰባተኛው ላይ ጭራሽ እምቢ አለ።

ቁርስ ስላልበላሁ ነው ብዬ አለፍኩት። በማግስቱ ጠዋት ግን ቤቴ የራሴን ዳምቤል አነሳሁ። ቁርስ ሳልበላ ነው፣ እንደ ልማዴ። 12 ጊዜ ገፋሁት። ያኔ ነው ነገሩ የከነከነኝ።

ከዚህ በፊት ምን ዓይነት ዕቃ እንደገዛሁ ልንገራችሁ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ የሀበሻ ቀሚስ። ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪና ላይ ጎንበስ ብዬ ነው የምውለው። ዓምና ክረምት ጀርባዬና ትከሻዬ አላስቀምጥ አላስተኛ አለኝ። ያየችኝ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ «ጡንቻሽን አጠንክሪ፤ ክብደት አንሺ፣ በትንሽ በትንሹ እየጨመርሽ» አለችኝ። «እየጨመርሽ» የምትለውን ቃል ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ጂም በወር 1,200 ብር ነበር የጠየቁኝ። እኔ ሱቅ የምዘጋው ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ነው። ክረምት ሲሆን ደግሞ የማርቆስን ጭቃና ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጨርቅ ልገዛ ባሕር ዳር በሄድኩበት የስፖርት ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ገባሁ። 20 ኪሎ የዳምቤል ስብስብ፣ 6,800 ብር። ስድስት ወር ሳይሞላ የጂሙን ክፍያ ይመልሳል ብዬ አሰብኩ። ካርቶኑን ሚኒባስ ወንበር ሥር አስገብቼ፣ በእንጅባራና በቡሬ በኩል እግሬን አጥፌ መጣሁ።

ስብስቡ ሁለት አጫጭር ዘንግ፣ አራት ማጥበቂያ ዳዶና 12 ፕሌት (ዘንጉ ላይ የሚገባ ክብ ክብደት) ነው። አራቱ ፕሌት ላይ 2 ኪሎ፣ አራቱ ላይ 1.5፣ አራቱ ላይ 1.25 ተጽፏል። ደምሩት፣ 19 ይመጣል። ዘንጎቹ ከነዳዷቸው አንድ ኪሎ ሲባሉ 20 ሞላ። ፕሌቶቹ ከላይ ጥቁር ፕላስቲክ ናቸው። ውስጣቸው ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ብረት መስሎኝ ነበር።

ውስጡን ያየሁት መጋቢት ላይ ነው። አንዱን ባለ 2 ኪሎ ፕሌት ወለሉ ላይ ሳስቀምጠው ጠርዙ ተሰነጠቀ። ወርውሬው አይደለም፣ ማስቀመጥ ነው። ከስንጥቁ ግራጫ ዱቄት ወጣ። አጠገቡ ለፋሲካ የማስረክበው ነጭ ቀሚስ በጨርቅ ላይ ተዘርግቶ ነበር። ዱቄቱ ጥለቱ ላይ አረፈ። አንድ ሰዓት ሙሉ በለስላሳ ብሩሽ እያራገፍኩ ቆየሁ፤ በውኃ እንዳልነካው ሲሚንቶ ነው፣ ይይዛል ብዬ ፈራሁ። ቀሚሱ ተረፈ። ፕሌቱን በፕላስተር አሰርኩት። የፈሰሰው ቢበዛ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ነው።

ያኔ ሲሚንቶ መሆኑ ብዙም አላናደደኝም። ኪሎ ኪሎ ነው አልኩ። ውፍረቱ ብቻ ነው የሚያስቸግረው። ብረት በአንድ ሊትር ቦታ ከ7 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ኮንክሪት 2 ከግማሽ እንኳን አይሞላም። ስለዚህ የሲሚንቶ ፕሌት ወፍራም ነው። ሁሉንም ስደረድረው ዳዶው የሚጠብቅበት ጥርስ ይጠፋል። ዳዶው በደንብ ሳይጠብቅ ደግሞ ከራስ በላይ የሚነሳ ነገር የለም።

ከጂሙ በኋላ ግን ልቤ አላርፍ አለ። ቅዳሜ ጤፍ ላስፈጭ ስሄድ ዳምቤሉን በማዳበሪያ አስገብቼ በባጃጅ ጭኜ ወሰድኩት።

ወፍጮ ቤቱ ያለው ልጅ «እትዬ፣ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለኝ። ነገርኩት። ሚዛኑን ዜሮ አደረገና ሁሉንም ጫነ። 17 ኪሎ ከ200። «ሚዛንህ ልክ ነው?» አልኩት። ምንም ሳይቀየም ባለ 5 ኪሎውን የሚዛን ድንጋይ አምጥቶ አስቀመጠ። 5 ኪሎ አለ። ድንጋዩን አንስቶ የእኔን መልሶ ጫነ። 17 ኪሎ ከ200።

2 ኪሎ ከ800 የለም።

ከዚያ ወጥቼ ቅመም የምትሸጥ ጎረቤቴ ጋ ገባሁ። የእሷ ትንሿ ሚዛን ግራም ታነባለች። ፕሌቶቹን አንድ በአንድ መዘንኩ። ባለ 2 ኪሎዎቹ 1.78፣ 1.74፣ 1.66፣ 1.62 ወጡ። ባለ 1.5ዎቹ 1.36፣ 1.34፣ 1.32፣ አንዱ ደግሞ 1.18። ባለ 1.25ዎቹ ከ1.12 እስከ 1.01። ከ12ቱ አንድም የተጻፈበትን የሞላ የለም። ዘንጎቹ ብቻ ልክ ናቸው፣ እነሱ ብረት ናቸው።

አሁን ወደዚያች «እየጨመርሽ» ወደምትለው ቃል እንመለስ። የደንበኞቼን ልክ የምጽፍበት ደብተር አለኝ። ከፊቱ ወገብ፣ ደረት፣ የእጅጌ ርዝመት አለ፤ ከኋላው ስፖርቴን እጽፋለሁ። ጥር 12 ላይ «1.25ቱን በ1.5 ለወጥኩ፣ ተቻለ!» የሚል አለ። በቀይ አስምሬበታለሁ። ያን ቀን የጨመርኩት በአንድ ፕሌት 250 ግራም መስሎኝ ነበር። አሁን ሳየው፣ አወጣሁት ያልኩት 1.12 ከሆነና የገባው 1.18 ከሆነ፣ እዚያ ጫፍ ላይ የጨመርኩት 60 ግራም ነው። አንድ እንቁላል እንደማለት።

ጡንቻ የሚጠነክረው ከለመደው ትንሽ ከፍ ያለ ሸክም ሲያገኝ ነው። ለዚህ ነው ብረት የሚያነሳ ሰው ሁሉ የሚጽፈው። የተሳሳተ ቁጥር ይዘህ ብትጽፍ ደብተሩ ምን ይጠቅማል?

ከዚህ የባሰም አለ። ዳምቤሎቹን እንደነበሩ ሳልነካ ነበር የወሰድኳቸው። ቀኝ እጄ የሚይዘው 6 ኪሎ ከ720፣ ግራዬ የሚይዘው 6 ኪሎ ከ280 ሆኖ ተገኘ። ሁለቱም ላይ ሰባት ተኩል ነው የተጻፈው። በሁለቱ እጆቼ መካከል 440 ግራም ልዩነት ይዤ ስንት ወር ሠርቻለሁ። የታመምኩትም ትከሻዬን ነው። ጂም ውስጥ መጀመሪያ የተንቀጠቀጠው ግራዬ እንደነበር ትዝ አለኝና ሆዴ ባባ።

ሻጩ ጋ ደወልኩ። በትሕትና ነው ያናገረኝ፣ አልዋሽም። መጀመሪያ «ተሰንጥቆ ፈስሶ ይሆናል እህቴ» አለኝ። የተሰነጠቀው አንድ ነው፤ አሥራ አንዱ ደህና ናቸው፣ እነሱስ? «የፋብሪካ ነው፣ እኛ አንመዝንም» አለኝ። እሺ። በመጨረሻ ያለኝ ነው ያንገበገበኝ፦ «ለቤት ነው እኮ፣ ደግሞ ለሴት። ትንሽ ቢጎድል ምን ያደርጋል?»

ስልኩ ተዘግቶም ከእሱ ጋር መከራከሬን አልተውኩም። ስፌት መኪናዬ ላይ ሆኜ ስመልስለት ነው የሰነበትኩት።

ወንድሜ፣ ለሴት የሚባል ኪሎ የለም። ሴቶች በኦሎምፒክ ክብደት ማንሳት የጀመሩት በ2000 እ.ኤ.አ. ሲድኒ ላይ ነው። የሴቶቹ ዘንግ 15 ኪሎ ነው፣ የወንዶቹ 20። ያነሰው አንሶ፣ 15 ተብሎ ነው የተነገረው። 15ቱን 20 ብሎ የጻፈበት የለም። አንተም 17 ብለህ ጽፈህ ብትሸጥልኝ እገዛህ ነበር። ብርም አልከራከርህም ነበር።

ለቤት ነው ላልከው ደግሞ፣ ቤት ያለ ሰው ነው ይበልጥ ትክክለኛ ቁጥር የሚያስፈልገው። ጂም ውስጥ አሠልጣኝ አለ፣ አጠገብህ የሚሠራ ሰው አለ፣ መደርደሪያው ላይ ሌላ ብረት አለ። አንዱ ቢሳሳት ሌላው ያርመዋል። እኔ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ብቻዬን፣ በአንድ አምፖል፣ ልጆቹ ሳይነሱ ነው የምሠራው። የማምነው ያንን ፕሌት ላይ ያለ ቁጥር ብቻ ነው።

እና እኔ በሜትር የምኖር ሰው ነኝ። ለቀሚስ አምስት ሜትር ተቀብዬ አራት ከ30 ብሰፋ ደንበኛዬ ያን ቀን ባታውቅም ስትለብሰው ታውቃለች። የቢቸና ጤፍ ኩንታል ነው ብሎ ሸጦ 86 ኪሎ የሚያስረክብ ነጋዴ እዚህ ገበያ ስሙ ምን እንደሚሆን አንተም ጎጃሜ ነህ፣ ታውቃለህ። የእኔ ሂሳብ ቁርጥ ያንን ነው፤ ከመቶው 86። በገንዘብም ላስላልህ። 6,800 ለ20 ሲካፈል ኪሎው 340 ብር ነው። የጎደለው 2 ኪሎ ከ800፣ 952 ብር። ላልተቀበልኩት ነገር የከፈልኩት ነው።

እና ጂም ይሻላል ወይ? የእህቴ ልጅ ይሻላል ትለኛለች። ብረቱስ እውነት ይሻላል። እጅ ላይ ሲያርፍ ራሱ ይታወቃል፤ ቀዝቃዛ፣ ጠባብ፣ ከመሐል እስከ ጫፍ እኩል። ግን እኔ ቤቴን አልለቅም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጣው ምክር ለአዋቂ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ በዚያ ላይ ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ ማጠንከሪያ ነው። የት ሥሩት አላለም። እኔ በሳምንት አራት ጠዋት ሠርቼ ወደ ሱቄ እገባለሁ። መብራት ቢጠፋ ዳምቤሌ አይቆምም፤ ዝናብ ቢመጣ አልቀርም፤ ሁዳዴን ሙሉ አንድ ሳምንት አልዘለልኩም። ጀርባዬም ተሽሎታል። ጂም ብመዘገብ ኖሮ በዚያ ጭቃ ሐምሌ ላይ እቆም እንደነበር ራሴን አውቃለሁ።

ስለዚህ ቤት በመሥራቴ አልተጸጸትኩም። ይህን ዕቃ በመግዛቴ ነው። ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ በተለይ እንደ እኔ ለሕመም ብላችሁ የምትጀምሩ፣ ውስጡ ምን እንደሆነ ጠይቁ። «ብረት ነው» ካሏችሁ ማግኔት አስጠጉለት። ሱቁ አጠገብ እህል ወይም ሥጋ የሚሸጥ አይጠፋም፣ ሳትከፍሉ ሄዳችሁ አስመዝኑ። ሻጩ ከተቀየመ ይቀየም። ሙሉ ብረት ዋጋው ከፍ ይላል፣ ግን ጥንድ ጥንዱን እያጠራቀሙ መግዛት ይቻላል። እኔም ከመስከረም ጀምሮ እንደዚያ ነው የማደርገው፤ የመጀመሪያው ባለ 7.5 ጥንድ ይሆናል።

እስከዚያ ግን ያለኝን አስተካክዬዋለሁ። ከነጭ ጨርቅ 12 ትናንሽ ቁራጭ ቆርጬ፣ በእያንዳንዱ ላይ እውነተኛውን ቁጥር በጥቁር ክር ጠለፍኩ። 1.78፣ 1.66፣ 1.18፣ እንዲህ እያልኩ። እያንዳንዱን በፕሌቱ ቀዳዳ አሳልፌ ሰፋሁት። ከዚያ መሬት ተቀምጬ ከባዱን ከቀላሉ እያጣመርኩ ደረደርኩ። ቀኙ 6 ኪሎ ከ480፣ ግራው 6 ኪሎ ከ520 ሆነ። የ440 ግራሙ ልዩነት ወደ 40 ወረደ።

ደብተሬ ላይ ያሉትን 7.5ቶች በሙሉ በቀይ ሰርዤ 6.5 ብዬ ጽፌባቸዋለሁ። ትናንት ጠዋት 13 ጊዜ ገፋሁት። ግራዬ አልተንቀጠቀጠም።