አክተሩን በስሙ መጥራት፦ ክረምት በኮዬ ፈጬው ኳስ ቤት

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ ከኛ ብሎክ ጀርባ አንድ የቆርቆሮ ኳስ ቤት አለ። ዓመቱን ሙሉ የእንግሊዝ ፕሪምየር ሊግ ያሳያል። ክረምት ሲገባ ግን ሊጉ ይዘጋል። ባለቤቱ ዘንድሮ ወንበሩ ባዶውን ከሚውል ብሎ ፊልም ጀመረ። የልዕለ ጀግኖችን ፊልሞች ከክፍል አንድ ጀምሮ በተርታ ነው የሚያሳየው። ቅዳሜና እሁድ ከ11 ሰዓት ጀምሮ ነው፤ መግቢያው 40 ብር፣ ሻይ 15 ብር።

እኔ ትራምፔት ነፊ ነኝ። ከሃያ ዓመት በላይ በማርሽ ባንድና በሰርግ ቤት ነፍቻለሁ። አሁን የሰፈር ልጆች አስተምራለሁ። ወደ ኳስ ቤቱ የወሰዱኝ እነሱ ናቸው። «ጋሼ፣ የርስዎ መሣሪያ በደንብ የሚነፋበት ፊልም አለ» አሉኝ። ሄድኩ። ይኸው ስድስተኛ ሳምንቴ ነው።

ስለ ቤቱ ድምፅ ልጀምር። ሁለት ትልልቅ ስፒከርና አንድ ቤዝ አለው። መጀመሪያ ቀን ቤዙ ደረት ይመታ ነበር። ለስታዲየም ጩኸት ይመቻል፣ ለኦርኬስትራ ግን አይሆንም። ሆርኖቹ፣ ማለትም የናስ ትንፋሽ መሣሪያዎቹ፣ ሙሉ በሙሉ ተውጠዋል። «ወንድሜ፣ ቤዙን ትንሽ ቀንስልን» አልኩት። ሳያኮርፍ ቀነሰ። ሌላ ቤት የገባሁ መሰለኝ። ሌላም ነገር ለመንኩት። ፊልሙ እንዳለቀ፣ ስሞቹ መውረድ ሲጀምሩ ይቆርጠው ነበር። ሙዚቃው በሙሉ ርዝመቱ የሚሰማው እኮ ያኔ ነው! አሁን እስከ መጨረሻው ይተወዋል። ይህን የሚያደርግ ባለቤት ምስጋና ይገባዋል።

በተርታ ማየት የሰጠኝን ነገር ልንገራችሁ። ክፍል አንድን የሠራው የሙዚቃ ደራሲ ብዙ ጊዜ ክፍል ሁለት ወይም ሦስት ላይ የለም። ሌላ ሰው ይመጣል። ያ ሰው የጀግናውን መለያ ዜማ ምን ያደርገዋል? ይይዘዋል? ይጥለዋል? እኔ ይህን የማየው እንደ ፈረስ ስም ነው። አጤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አጤ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ ናቸው። ፎካሪው ስሙን ሲጠራ ማን እንደመጣ ሁሉም ያውቃል። ፎካሪ ቢቀየርም የፈረስ ስም አይቀየርም። የፊልም ጀግናም እንደዚያ ስሙ የሚጠራው በዜማ ነው።

መመዘኛዬ ቀላል ነው። ሰኞ ልምምድ ላይ ልጆቹን መሣሪያ ሳይዙ «በአፋችሁ አዚሙልኝ» እላቸዋለሁ። ያዜሙት ዜማ ስም ሆኗል ማለት ነው።

ሱፐርማንን ሁሉም አዜሙት። እ.ኤ.አ. በ1978 ጆን ዊሊያምስ የጻፈው፣ የለንደን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ የተጫወተው ማርሽ ነው (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶችም በፈረንጆቹ ናቸው)። ጫፉ ላይ ሦስት ኖታ አለ። ልጆቹ ማንም ሳይነግራቸው «ሱ-ፐር-ማን» እያሉ ጮኹበት። ዜማው ቃል በቃል ስሙን ይጠራል። ክፍል ሁለት በ1980 ሲመጣ ዊሊያምስ አልነበረም። ኬን ቶርን የዊሊያምስን ዜማዎች ይዞ እንዲሠራ ተደረገ። ኖታው ያው ነው። ኦርኬስትራው ግን አነሰ፣ ድምፁም ሳሳ። ይህን በገዛ ሕይወቴ አውቀዋለሁ። አስራ ሁለት ነፊ የተጠራበት ሰርግ ላይ አምስት ሆነን የሄድንበት ቀን አለ። ሙሽራው ዜማውን ያውቀዋል፣ ግን ደረቱ ላይ አያርፍለትም። ጥፋቱ የነፊው አይደለም። ቶርንንም አልወቅሰውም። አደራውን ሳያጎድል አድርሷል።

በ2006ቱ ፊልም ጆን ኦትማን ያንን ማርሽ ለመክፈቻው በሙሉ ጉልበቱ መለሰው። ኦትማን የፊልሙ ኤዲተርም እሱው ነው። ምስሉን የሚቆርጠውና ሙዚቃውን የሚጽፈው አንድ ሰው ሲሆን፣ ስሙ የት ላይ መጠራት እንዳለበት እጁ ያውቃል። ቆርቆሮው ቤት በጭብጨባ ተናጋ። በ2025ቱ ሱፐርማን ደግሞ ጆን መርፊና ዴቪድ ፍሌሚንግ ያንኑ ዜማ ለኤሌክትሪክ ጊታር ሰጡት። ትልቁ ተማሪዬ አልወደደውም። «ጋሼ፣ ትራምፔቱን ቀሙን» አለ። እኔ ግን ወደድኩት። ድምፁ ተለወጠ እንጂ ስሙ አልጠፋም።

ባትማን ላይ ልቤ ተከፍሏል። የዳኒ ኤልፍማን የ1989 ዜማ አምስት ኖታ ነው። በጨለማ ደረጃ እንደሚወጣ ሰው ሦስቱን በእርጋታ ይወጣል፣ ከዚያ ይዘላል፣ ከዚያ በግማሽ ይወርዳል። ያቺ የመጨረሻዋ ግማሽ እርምጃ ናት ሰውየውን ሐዘንተኛ የምታደርገው። ክፍል ሁለትንም በ1992 ራሱ ሠራው። በ1995 ኤሊዮት ጎልደንታል ሲመጣ ያንን ዜማ ትቶ የራሱን ማርሽ ጻፈ። በዚያ ምሽት ከፍቶኝ ነው የወጣሁት። ሰኞ ግን ሁለት ልጆች የጎልደንታልን ዜማ አዜሙልኝ! እንደገና ሰማሁት። የናስ መሣሪያዎቹ አጻጻፍ ጉልበተኛ ነው፣ ነፊን ላብ ያስወጣል። ደግሞ የሰጠውን አዲስ ስም በ1997ቱ ፊልምም ጠብቆታል። የፈረስ ስም መቀየር ካስፈለገ እንዲህ ነው፤ ቀይሮ ዞር ማለት ሳይሆን አብሮት መቆየት።

ያልወደድኩት የኤክስ ሜንን ነው። በ2000 ማይክል ኬመን አንድ ዜማ፣ በ2003 ኦትማን ሌላ ዜማ፣ በ2006 ጆን ፓወል ሌላ ዜማ። ለየብቻ ሲሰሙ ጥሩ ናቸው፣ የፓወልማ በጣም ያምራል። ግን በሦስት ፊልም ሦስት ስም ለልጅም ለአዋቂም ይከብዳል። ሰኞ ዕለት የቡድኑን ዜማ ያዜመልኝ የለም። ኦትማን በ2014 ተመልሶ መክፈቻው ላይ የ2003ቱን ዜማ ሲያስነሳ እኔ አወቅኩት። ልጆቹ ግን ዝም ብለው ለውዛቸውን ይበሉ ነበር።

አሁን ወደ ስፓይደርማን። ከሁሉም አብልጬ የምወደው የተረካቢ ሥራ እዚህ ነው። ኤልፍማን በ2002 እና በ2004 ሁለቱን ክፍሎች ሠራ። በሁለተኛው ላይ ከዳይሬክተሩ ጋር ሳይስማሙ ቀሩ፣ ለሦስተኛው አልተመለሰም። በ2007 ክሪስቶፈር ያንግ ተተካ። ያንግ ሁለት መንገድ ነበረው። ወይ እንደ ቶርን አደራ ማድረስ፣ ወይ እንደ ጎልደንታል አዲስ ስም መስጠት። እሱ ሁለቱንም አደረገ። መክፈቻው ላይ የኤልፍማንን ዜማ ይጠራል። አክተሩ አክተር ሆኖ ቀረ። ለአዲሶቹ ግን አዲስ ስም አወጣ። ለጥቁሩ ልብስ አንድ፣ ለአሸዋው ሰው አንድ።

የአሸዋው ሰው የሚነሳበት ትዕይንት ላይ ንግግር የለም። አንድ ሰው ከብናኝ ተሰብስቦ ለመቆም ይሞክራል፣ ይፈርሳል፣ እንደገና ይሞክራል። ከሥሩ በጣም ወፍራም የትንፋሽ መሣሪያዎች ይጎተታሉ። ክብደቱን ጉልበቴ ላይ ነው የሰማሁት። ቤቱ ውስጥ ስልኩን የሚነካ አልነበረም። ከጎኔ የነበረች እናት ልጇን አቅፋ ከንፈሯን መጠጠች። ያ ሰው ሌባ ነው፤ ያንግ ግን ሐዘኑን አስቀደመው። ወራሽ ደራሲ የራሱን ድምፅ የሚያሳይበት ቦታ ይሄ ነው እላለሁ። የቀደመውን ስም ሳይነካ፣ ከጎኑ ሰፊ ቦታ አለ።

አቬንጀርስ ላይ ብዙ አልቆይም። አላን ሲልቬስትሪ የ2012ቱን ጻፈ። በ2015 ብራያን ታይለርና ኤልፍማን ተተኩ፣ ኤልፍማንም የሲልቬስትሪን ዜማ ከራሱ ጋር ቀላቅሎ አስኬደው። ሲልቬስትሪ በ2018 ሲመለስ የተማርኩት አንድ ነገር አለ፤ ስም እንደ ልብ አይጠራም። ባቡር ጣቢያው ላይ ካፒቴን አሜሪካ ከጥላው ሲወጣ ዜማው መጣ፣ ወንበሮቹም ተንኳኩ። ልጆቹን በዚህ አስተምሬያቸዋለሁ። ከፍ ያለውን ኖታ አስሬ ከነፋኸው አስራ አንደኛው ላይ የሚሰማህ የለም።

ብላክ ፓንተርን ያየነው ባለፈው ሳምንት ነው። ሉድቪግ ጎራንሰን ለ2018ቱ ፊልም ሴኔጋል ድረስ ሄዶ ከዘፋኙ ባባ ማል ጋር ከርሟል። ታማ የሚባለውን የሚያወራ ከበሮ ይዞ ተመለሰ። ያ ከበሮ የፊልሙን ጀግና፣ የንጉሡን ስም «ቲ-ቻ-ላ» ብሎ ይጠራል። ሱፐርማንን ትራምፔት እንደጠራው ማለት ነው። ለዚህ ሥራ ኦስካር አግኝቷል። እኛ ነጋሪት የምናውቅ ሰዎች ነን። ከበሮ ሲናገር ሰው ከቤቱ እንደሚወጣ አልጠፋንም።

ክፍል ሁለትን በ2022 የሠራው ራሱ ጎራንሰን ነው። የተለወጠው ደራሲው አይደለም። ንጉሡን የሚጫወተው ቻድዊክ ቦዝማን በ2020 አርፏል። የስቱዲዮው ስም የሚመጣበት ቦታ ላይ የቦዝማን ምስሎች ያልፋሉ፣ ሙዚቃ ግን የለም። ኳስ ቤቱ ውስጥ ከኋላ «ድምፅ! ድምፅ ጠፋ!» ተባለ። ባለቤቱ ሮጦ ገመዱን ነካካ። ትንሹ ተማሪዬ ዘወር ብሎ «ለቅሶ ነው፣ ተዉት» አለ። ዝም ተባለ። የሚሰማው ቆርቆሮውን የሚመታው ዝናብ ብቻ ነበር። ስሙ የሚጠራለት ሰው ሲሞት ወራሹ የሚያደርገውን ያኔ አየሁ። ስሙን መጥራት የሚችለው ሰው ራሱ ዝም አለ።

ቤቱ ጉድለት የለውም አልልም። ዝናብ ሲጠነክር ለስለስ ያለው ሙዚቃ አይሰማም። መብራት ሲሄድ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ አምስት ደቂቃ ይፈጃል፣ ፊልሙም ካቆመበት ትንሽ አልፎ ይጀምራል። መሬቱ ጭቃ ነው። ለ40 ብር ግን እንዲህ በተርታ የሚያሳይ ሌላ ቤት በኛ አካባቢ አላየሁም።

ሊጉ ነሐሴ ላይ ይጀምራል። እስከዚያ ጥቂት ቅዳሜዎች ይቀራሉ፣ ባለቤቱ የቀሩትን የባትማን ፊልሞች አሳያለሁ ብሏል። ከቱሉ ዲምቱ የምትመጡ ጃኬትና ጃንጥላ ያዙ። ለ11 ሩብ ጉዳይ ላይ ድረሱ። የፊቱን አግዳሚ ለልጆቹ ተዉላቸውና ሦስተኛው ላይ፣ መሐል ተቀመጡ። ሆርኖቹ ጥርት ብለው የሚሰሙት እዚያ ነው።