«ደም ይሠራል» የተባለውን ጄሊ ከመግዛታችሁ በፊት ጀርባውን አንብቡ

ይህን የምጽፈው ባሕር ዳር ላላችሁና «ልጅዎ መድኃኒት እምቢ አለ?» የሚል ማስታወቂያ በቴሌግራም ለሚደርሳችሁ ወላጆች ነው። እኔ 5,400 ብር ከፍዬ የተማርኩትን እናንተ በነፃ አንብቡት።

ልጄ ሦስት ዓመት ከመንፈቋ ነው። ደሟ ሲመረመር ሄሞግሎቢኗ (የደም ማነስን የሚያሳየው ልክ) ዝቅ ብሎ 9.8 ሆኖ ተገኘና ሐኪሙ ደም ለመሥራት የሚያስፈልገውን የአይረን (የብረት ማዕድን) ሽሮፕ ለሦስት ወር አዘዘላት። ማዘዝ ቀላል ነው። ማንኪያውን ሳነሣ ጥርሷን ትገጥማለች፤ በግድ የገባውንም ጉንጯ ውስጥ አቆይታ ዘወር ስል ትተፋዋለች። እናቴ ለእሑድ ቅዳሴ አጥባ ያስቀመጠችው ነጠላ ላይ ያረፈው ጠብታ እስከ ዛሬ አልለቀቀም። «አፍንጫዋን ያዢና አጠጫት» ትለኝ ነበር እናቴ፤ እኛን ያሳደገችን እንዲያ ነው።

ሻጩን ያገኘሁት እንዲህ በታከተኝ ሳምንት ነው። «ከውጭ የመጣ ጄሊ ነው እህቴ፤ ጣዕሙ እንጆሪ ነው፤ ደም ይሠራል፤ ሽሮፑን ተይው» አለኝ። አንዱ ብልቃጥ 1,950 ብር፣ ሦስት ለወሰደ 5,400። ከመድኃኒት ቤት የገዛሁት ሽሮፕ 300 ብር እንኳ አልሞላም ነበር። ብሩን በስልክ ላክሁለት፤ ዕቃውን ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ በባጃጅ መጥቶ ሰጠኝ። ደረሰኝ ስጠይቀው «ማታ እልክልሻለሁ» አለ። ያ ማታ እስካሁን አልመሸም።

ልጄ ወደደችው። «ከረሜላዬን» እያለች በማለዳ ትቀሰቅሰኝ ጀመር፤ እኔም ሽሮፑን ማቀዝቀዣው አናት ላይ ረሳሁት። ከስድስት ሳምንት በኋላ ድጋሚ ስትመረመር ግን 9.6 ሆነ። ሐኪሙ ብልቃጡን ይዤ እንድመጣ ነገረኝ። ጀርባውን ያነበብኩት ያን ቀን ነው። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ የሌላ ሰው ሰነድ መስመር በመስመር ስፈትሽ እውላለሁ።

ቫይታሚን ኤ፣ ሲ፣ ዲ፣ ስኳር፣ የግሉኮስ ሽሮፕ፣ ጄላቲን። አይረን የሚል ቃል የለም። ሐኪሙ አልገረመውም፤ አይረን ጣዕሙ ስለሚከብድና ልጆች እንደ ከረሜላ አብዝተው ቢበሉት አደገኛ ስለሆነ አብዛኞቹ ጄሊ ቫይታሚኖች ውስጥ አይጨመርም አለኝ። ዕድሜው «ከ4 ዓመት ጀምሮ» ይላል። የማብቂያ ቀኑ ላይ ትንሽ ወረቀት ተለጥፏል፤ በጥፍሬ ሳነሣው ከሥሩ ያለው ቀን ካለፈ አራት ወር ሆኖታል። ጄላቲኑ ከምን እንደተሠራ አልተጻፈም። ጄላቲን ከከብትም ከአሳማም ቆዳና አጥንት ይሠራል፤ እናቴን ከብሩ ይልቅ ያንገበገባት ይኸኛው ነው። ቫይታሚን ኤውስ ቢሆን ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ላሉ ልጆች በጤና ጣቢያ በየስድስት ወሩ በነፃ የሚሰጥ ነው።

በዚያው ሰሞን ወንበር ላይ ወጥታ ብልቃጡን ስትከፍት ደረስኩባት። ቆጠርኩ፤ አሥራ አንድ ፍሬ ጎድሏል። ደህና ሆነች። ግን ለነፍሰ ጡር የሚሰጠው የአይረን ክኒን በብዙ ቤት መሳቢያ ውስጥ አለ፤ ሕፃን ልጅ ያንን በብዛት ቢውጥ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ከብልቃጥ የሚወጣ ነገር ከረሜላ ነው ብዬ ያስተማርኳት ደግሞ ሻጩ ሳይሆን እኔ ነኝ።

ወደ ሽሮፑ ተመለስን። የመድኃኒት ቤቷ ባለሙያ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ሰጠችኝ፤ የወጥ ቤት ማንኪያ ልኩ ስለሚለያይ እንድተወው ነገረችኝ። ልጅቱ ቀጥ ብላ ትቀመጣለች፤ ሽሮፑ በጉንጯ በኩል ጥቂት በጥቂት ይገባል። አፍንጫ መያዝ ክልክል ነው፤ መድኃኒቱ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። ከሻይና ከወተት ጋር አይሰጥም፤ አይረኑ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ይይዙታል። ዘይቱን ወይም ብርቱካን ያግዘዋል። ጥርስ ስለሚያጠቁር አፏን አጉመጠምጣታለሁ፤ ሰገራዋም ቢጠቁር አልደነግጥም። መጀመሪያ አሻንጉሊቷ ውኃ ትጠጣለች፣ ከዚያ ልጄ ሲሪንጁን ራሷ ትገፋዋለች። አንዳንድ ቀን አሁንም ሃያ ደቂቃ ይፈጅብናል።

ለሻጩ ስደውልለት «ሌላው ሰው ሁሉ እያመሰገነ ነው» አለኝና ቁጥሬን ዘጋው። የገዛችሁ ካላችሁ ብልቃጡን አትጣሉ፤ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነፃ መስመር 8482 ነው፤ ተለጣፊውን ቀን ፎቶ አንሥታችሁ ያዙ። ትናንት ማታ ያንኑ የጄሊውን ማስታወቂያ ፎቶ በሌላ ስም በተከፈተ ቻናል አየሁት። ዋጋው 2,200 ብር ገብቷል።