ትእዛዝ ከመስጠቱ በፊት ማስረጃ የሚጠይቅ ድጋፍ፦ የበረራ ሲሙሌተር ተጨማሪ ሶፍትዌሮች የቴክኒክ አገልግሎት ግምገማ

የበረራ ሲሙሌተር (በኮምፒውተር ላይ አውሮፕላን ማብረርን የሚያስመስል ፕሮግራም) ተጨማሪ ሶፍትዌሮችን፣ ማለትም በላዩ የሚጫኑ የአውሮፕላን ሞዴሎችንና የመሳሰሉትን፣ የሚገመግሙ ጽሑፎች ስለ ኮክፒቱ ሥዕል፣ ስለ ሞተሩ ድምፅና ስለ አውሮፕላኑ የበረራ ጠባይ ብዙ ይነግሩናል፤ ሶፍትዌሩ አንድ ቀን አልነሣም ሲል ለገዢው ማን እንደሚደርስለትና እንዴት እንደሚያስተናግደው ግን እምብዛም አይነግሩንም። ይህ ግምገማ የሚያተኩረው በዚያ ላይ ብቻ ነው። የምመዝንበት መመዘኛም አንድ ነው፤ ጥሩ የቴክኒክ ድጋፍ የምለው ትእዛዝ ከመስጠቱ በፊት ማስረጃ የሚጠይቀውን ነው። የመልሱ ፍጥነት፣ የቃላቱ ትሕትናና የድጋፍ ገጹ ማማር ከዚህ ቀጥለው የሚመጡ ናቸው።

ጉዳዩ ለምን ይህን ያህል እንደሚያሳስበኝ ለማስረዳት ሶፍትዌሮቹ የቆሙበትን መሠረት ማየት ያስፈልጋል። ማይክሮሶፍት በ2006 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፍላይት ሲሙሌተር ኤክስን አውጥቶ፣ በ2009 መጀመሪያ ላይ ደግሞ የሠራውን ኤሴስ ስቱዲዮን ሲዘጋ፣ ሲሙሌተሩ ባለበት ቆሞ ቀረ። ለዓመታት የሚለወጥ ነገር ስላልነበረ ዛሬ የሠራ አውሮፕላን ነገም ይሠራ ነበር። ትልቁ ችግር ሲሙሌተሩ ባለ 32 ቢት በመሆኑ ከ4 ጊጋባይት በላይ ሜሞሪ መጠቀም አለመቻሉ ነበር፤ ከባድ አውሮፕላን ከከባድ የኤርፖርት ሞዴል ጋር ሲገናኝ ሜሞሪው ሞልቶ ፕሮግራሙ ይዘጋል፣ ድጋፍ ሰጪውም መልሱን በቃሉ ያውቀዋል። አሶቦ ስቱዲዮ የሠራው የማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር በኦገስት 2020 ሲወጣ ይህ ሁሉ ተለወጠ። አዲሱ ሲሙሌተር በየጊዜው በኢንተርኔት ይታደሳል፤ ተጠቃሚውም እድሳቱን አልፈልግም ብሎ ሊያልፈው አይችልም። በኖቬምበር 2024 የወጣው ተከታዩም በዚሁ መንገድ ይሄዳል። ስለዚህ ትናንት ይሠራ የነበረ የአውሮፕላን ስክሪን ዛሬ ጠቁሮ ሊገኝ ይችላል፤ ጥፋቱ የሲሙሌተሩ ይሁን፣ የአውሮፕላኑ ሠሪ ይሁን ወይም የተጠቃሚው ኮምፒውተር ይሁን ላይ ላዩን በማየት አይለይም። ዛሬ ተጨማሪ ሶፍትዌር የሚገዛ ሰው ያለቀለት ዕቃ ሳይሆን ወደፊት የሚደረግለትን ጥገና ጭምር እየገዛ ነው ማለት ነው።

በዚህ ዓይን ሲታይ ከሁሉ አስቀድሜ የማመሰግነው ኤፍኤስዩአይፒሲ የተባለውን ፕሮግራም ድጋፍ ነው። ፕሮግራሙ ጆይስቲክን፣ የሞተር ኃይል መቆጣጠሪያ ዘንጎችን፣ በቤት ውስጥ የተሠሩ ማብሪያ ማጥፊያዎችንና ሌሎች ፕሮግራሞችን ከሲሙሌተሩ ጋር የሚያገናኝ ነው። ፒት ዳውሰን ለረጅም ዓመታት ፕሮግራሙን ከመሥራት አልፎ የተጠቃሚዎችን ጥያቄ ራሱ ሲመልስ ቆይቷል፤ ለአዲሱ ሲሙሌተር የተዘጋጀውን ሰባተኛውን ትውልድ ደግሞ ጆን ዳውሰን ይዞታል። ችግሩን ጽፎ የላከ ሰው ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው መልስ የሚጠየቀው ሦስት ፋይሎችን እንዲልክ ነው፦ ፕሮግራሙ ሥራውን የሚመዘግብበትን የሎግ ፋይል፣ ቅንብሮቹ የተቀመጡበትን የአይኤንአይ ፋይልና ጆይስካን የሚባለውን የመሣሪያዎች ዝርዝር። እያንዳንዱ የሚጠየቀው በምክንያት ነው። ሎጉ የፕሮግራሙን ቅጂ ቁጥርና ከሲሙሌተሩ ጋር መገናኘት አለመገናኘቱን ያሳያል፤ የአይኤንአይ ፋይሉ የትኛው ቁልፍ ለየትኛው ሥራ እንደተመደበ ይናገራል፤ ጆይስካኑ ደግሞ ዊንዶውስ የትኞቹን መሣሪያዎች በየትኛው መለያ ቁጥር እንደሚያውቃቸው ይዘረዝራል። ብዙ ተጠቃሚ የሚማረርበትና ምሥጢር የሚመስለው «ጆይስቲኬ በድንገት የሌላውን ሥራ መሥራት ጀመረ» የሚለው ችግር በሦስተኛው ፋይል ይፈታል፤ መሣሪያው ከአንዱ የዩኤስቢ መሰኪያ ወደ ሌላው ሲዛወር መለያ ቁጥሩ ሊለወጥ ይችላልና። ለዚህ የሚሰጠው መፍትሔም «እንደገና ጫን» የሚል አይደለም፤ መሣሪያዎቹ በቁጥር ፈንታ በፊደል እንዲታወቁ የሚያደርግ ቅንብር አለ፣ ያንን እንድታበራ ትመከራለህ፣ ችግሩም ተመልሶ አይመጣም።

ጉድለቱንም መናገር ተገቢ ነው። የአጠቃቀም መመሪያው ረጅምና እንደ ምሕንድስና ሰነድ የታመቀ ነው፤ መልሶቹ መመሪያውን አንብበሃል ብለው ስለሚነሡ አጫጭር ናቸው፣ ለጀማሪ ጥቂት ሊጎረብጡት ይችላሉ። እኔ ግን ረዝሞ ከሚያባብል መልስ ይልቅ አጥሮ ትክክል የሆነውን እመርጣለሁ።

ሁለተኛው ምስጋና የሚገባው ፍላይባይዋየር ነው፤ ኤ320 ኒዮ የተባለውን የኤርባስ የመንገደኞች አውሮፕላን ሞዴል በነፃ፣ ኮዱንም ለሁሉ ክፍት አድርጎ የሚሠራ የበጎ ፈቃደኞች ቡድን ነው። ጥፋት የሚመዘገብበት ቦታ ጊትሃብ በተባለው የፕሮግራም ሠሪዎች ድረ ገጽ ላይ ለማንም ክፍት ነው፤ የሚሞላው ቅጽም በራሱ ትምህርት ነው። የአውሮፕላኑ ቅጂ የተረጋጋው ነው ወይስ በልማት ላይ ያለው? ምን ሆነ? መሆን የነበረበትስ ምንድን ነው? ጥፋቱን ሌላ ሰው በራሱ ኮምፒውተር ላይ እንዲያየው ምን ምን ደረጃ መከተል አለበት? ለምትለው ነገር ከእውነተኛው አውሮፕላን ሰነድ ማጣቀሻ አለህ ወይ? ቅጹን በቅንነት የሞላ ሰው ገና መልስ ሳያገኝ የችግሩን ግማሽ ራሱ አግኝቶታል። ከዚያ በኋላ ጥፋቱን ማን እንደያዘው፣ መቼ እንደተስተካከለና በየትኛው ቅጂ ውስጥ እንደገባ ሁሉም በግልጽ ይታያል። እርግጥ ነው፣ በነፃ የሚሠራ ሰው ለማንም ዕዳ የለበትም፤ ለአንተ አስቸኳይ የሆነው ለእርሱ ላይሆን ይችላል፣ ጥያቄህም ሳይነካ ሊቆይ ይችላል። ቢያንስ ግን ሳይነካ መቆየቱን ታያለህ።

ያ የማጣቀሻ ጥያቄ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ተጠቃሚዎች የተለየ ፋይዳ አለው። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛል። አየሩ ስስ በመሆኑ የሞተሩ ግፊት ይቀንሳል፤ በመለኪያው ላይ ያው የተለመደው ፍጥነት ቢነበብም አውሮፕላኑ በመሬት ላይ የሚሄድበት ትክክለኛ ፍጥነት ከባሕር ዳርቻ ማረፊያዎች የበለጠ ነው፤ በዚህም የተነሣ ለመነሣት የሚያስፈልገው የመንደርደሪያ ርቀት በእጅጉ ይረዝማል። ከለንደን ወይም ከዱባይ መነሣት የለመደ ተጠቃሚ በሙሉ ጭነት ከቦሌ ለመነሣት ሲሞክር «ሞተሩ ደካማ ነው፣ ሞዴሉ ተበላሽቷል» ብሎ ቢጽፍ አይፈረድበትም። ማስረጃ የማይጠይቅ ድጋፍ ለዚህ ሰው ሶፍትዌሩን አጥፍቶ እንዲጭን ይነግረዋል፤ ማስረጃ የሚጠይቀው ግን የተነሣበትን ማረፊያ፣ ክብደቱን፣ የአየሩን ሙቀትና የፍላፕ (በክንፉ ላይ ያለው ተንቀሳቃሽ ክፍል) ቅንብሩን ይጠይቀውና ጥፋት አለመኖሩን በሰንጠረዥ ያሳየዋል። ሁለተኛው መልስ ሰውየውን የተሻለ አብራሪ ያደርገዋል፤ ለዚህ ዓይነት ሶፍትዌር ገንዘብ የምንከፍለውም ለመማር አይደለምን?

አሁን ወደ ሌላው ጎን ልሂድ። በገንዘቤ ከገዛኋቸው የመንገደኞች አውሮፕላን ሞዴሎች አንዱ፣ ሠሪውን ስሙን አልጠራም፣ ከአንድ የሲሙሌተር እድሳት በኋላ የናቪጌሽን ስክሪኑ ጠቁሮ ቀረ። ለድጋፍ ክፍሉ የሲሙሌተሩን ቅጂ፣ የአውሮፕላኑን ቅጂና ጥፋቱ የሚታይበትን ቅደም ተከተል ጽፌ ላክሁ። የደረሰኝ መልስ ለሁሉም የሚላክ የተዘጋጀ ጽሑፍ ነበር፤ ተጨማሪ ሶፍትዌሮች የሚቀመጡበትን ኮምዩኒቲ የሚባለውን ፎልደር ባዶ አድርግ፣ አንቲቫይረስህን አጥፋ፣ አውሮፕላኑን ሰርዘህ እንደገና አውርድ። የመጀመሪያው ምክር በራሱ ትክክል ነው፤ ሌሎች ሶፍትዌሮች እርስ በርስ ይጋጩ እንደሆነ የሚታወቀው በዚያ መንገድ ነውና፤ ሲሙሌተሩ ራሱም ተበላሽቶ ከተዘጋ በኋላ ሲነሣ ያለ ተጨማሪዎች እንዲከፈት ሴፍ ሞድ የሚል ምርጫ ያቀርባል። ይህንን አስቀድሜ መሞከሬን በመጀመሪያው ደብዳቤዬ ላይ ጽፌው ነበር። አውሮፕላኑን እንደገና ማውረድ ግን በአዲስ አበባ የኢንተርኔት መስመርና በዳታ ዋጋ ቀላል ምክር አይደለም፤ በርካታ ጊጋባይት የሚመዝን ፋይል ሌሊቱን ሙሉ ሊወስድና መሐል ላይ ሊቋረጥ ይችላል። ቀጥሎ የጻፈልኝ ሌላ ሠራተኛ የቀደመውን ደብዳቤ ሳያነብ ያንኑ ጽሑፍ ደገመልኝ። በመጨረሻ ኩባንያው ባወጣው ማሻሻያ ዝርዝር ውስጥ የእኔው ጥፋት ራሱ ተስተካክሏል ተብሎ ተጽፎ አገኘሁት።

ቅሬታዬ ጥፋት በመኖሩ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ውስብስብ ሶፍትዌር ያለ ጥፋት አይወጣም። የሚታወቅ ችግር መሆኑን የሚናገር አንድ መስመር በድጋፍ ገጹ ላይ ቢኖር ኖሮ ማንም ገዢ ያን ሁሉ ጊጋባይት በከንቱ አያወርድም ነበር። የታወቁ ችግሮችን ዝርዝር በይፋ የማያወጣ ሠሪ የራሱን ሠራተኞችም ያደክማል፤ ያው ጥያቄ በየቀኑ ይመጣባቸዋልና።

ስለ አንቲቫይረስ የሚሰጠውን ምክር ለብቻው ላንሣው። አንዳንድ ጊዜ አንቲቫይረስ ጤነኛ ፋይል በስሕተት እንደሚሰርዝ እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ «አጥፋው» የሚለው ምክር ያለ ማብራሪያ ሊሰጥ አይገባም። በፌብሩዋሪ 2018 ፍላይት ሲም ላብስ የተባለው ኩባንያ በኤ320 አውሮፕላኑ መጫኛ ውስጥ ክሮም በተባለው የኢንተርኔት መክፈቻ ፕሮግራም ውስጥ የተቀመጡ የይለፍ ቃላትን ማውጣት የሚችል ፕሮግራም አካትቶ መገኘቱን ብዙዎች ያስታውሳሉ። ኩባንያው ዓላማው የተሰረቀ የፈቃድ ቁጥር የሚጠቀምን ሰው መያዝ እንደነበር ገልጾ፣ ያ ፕሮግራም የሌለበት አዲስ መጫኛ አውጥቷል፤ ያም ሆኖ በብዙ ተጠቃሚዎች ዘንድ እምነቱ ተናግቷል። ከዚያ ወዲህ እኔ የምቀበለው ምክር «ይህን አንድ ፎልደር ብቻ ከፍተሻ ውጭ አድርገው፣ ምክንያቱም ይህ ፋይል በስሕተት ይያዛል» የሚለውን ብቻ ነው።

ኤክስ-ፕሌን የተባለውን ሌላ የበረራ ሲሙሌተር የሚጠቀም ሰው በማስረጃ በኩል ዕድለኛ ነው። ሲሙሌተሩ በዋናው ፎልደሩ ውስጥ ሎግ የተባለ የጽሑፍ ፋይል ይጽፋል፤ የተጫኑት ፕላግኢኖች (በሲሙሌተሩ ላይ የሚጨመሩ ፕሮግራሞች) በሙሉ በዚያ ይዘረዘራሉ፣ ብልሽት ሲደርስም ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ፕላግኢን በስሙ ተጠቅሶ ይገኛል። ፋይሉ ሲሙሌተሩ እንደገና ሲነሣ በአዲስ ስለሚተካ፣ ከብልሽቱ በኋላ ምንም ሳይነኩ ቅጂውን ሌላ ቦታ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። በማይክሮሶፍቱ ሲሙሌተር ተመሳሳዩ ማስረጃ የሚገኘው በዊንዶውስ የክስተቶች መዝገብ ውስጥ ሲሆን፣ የተበላሸው ሞጁል ስምና የስሕተቱ ኮድ እዚያ ይነበባል። ሁለቱንም ሳይጠየቁ ከመጀመሪያው ደብዳቤ ጋር መላክ መልሱን ያፋጥናል፤ ሰዓት ሲጠቀስም በእኛ አቆጣጠር ሳይሆን መዝገቡ ላይ በተጻፈው መሆን አለበት።

ለአገር ቤት ገዢዎች አንድ ተግባራዊ ነገር ልጨምር። በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ማግኘት ለብዙዎቻችን አስቸጋሪ በመሆኑ፣ ሶፍትዌሩን የሚገዛልን ብዙ ጊዜ በዋሽንግተን ወይም በዱባይ ያለ ወንድም ወይም የአክስት ልጅ ነው። ፈቃዱ ግን በገዢው ስምና ኢሜይል ይመዘገባል። ለምሳሌ ኤፍኤስዩአይፒሲ የሚከፈተው ስሙ፣ ኢሜይሉና ቁልፉ በግዢው ጊዜ እንደተጻፉ አንድ ፊደል ሳይዛነፍ ሲገቡ ነው፤ የድጋፍ ክፍሎችም በማያውቁት ኢሜይል ለመጣ ጥያቄ የፈቃድ ጉዳይ ላይከፍቱ ይችላሉ፣ በዚህም መከሰስ የለባቸውም። ስለዚህ ዘመድ ክፍያውን ብቻ ይፈጽም፤ አካውንቱ ግን ከመጀመሪያው በተጠቃሚው በራሱ ኢሜይል ይከፈት። ኮምፒውተር ተቀይሮ ፈቃዱን ማንቀሳቀስ ሲያስፈልግ ልዩነቱ ያኔ ይታያል።

የግዢው ቦታም ድጋፉን ይወስነዋል። በሲሙሌተሩ ውስጥ ካለው መደብር የተገዛ አውሮፕላን ማሻሻያው በማይክሮሶፍት በኩል አልፎ ስለሚመጣ ከሠሪው ገጽ ከሚወርደው ሊዘገይ ይችላል፤ ከፋይሎቹም አንዳንዶቹ የተመሰጠሩ በመሆናቸው ድጋፍ ሰጪው «ይህን መስመር ቀይረው» ቢልህም ልትቀይረው አትችልም። ኤክስቦክስ ለሚጠቀም ሌላ ምርጫ የለውም። ኮምፒውተር ያለው ሰው ግን በቀጥታ ከሠሪው እንዲገዛ እመክራለሁ፤ ከመክፈሉ በፊትም የሠሪውን የማሻሻያ ታሪክና የታወቁ ችግሮች ዝርዝር ይፈልግ። ሁለቱም ከሌሉ፣ አውሮፕላኑ የቱንም ያህል ቢያምር፣ እኔ አልገዛውም።